ኮሰረትና ብር

ቅቤን ከመበላሸት የሚጠብቀው ቅጠል ቤተ ሙከራ ገብቶ የብር ቅንጣት እያዋለደ ነው። ሥራው ያምራል፤ «አረንጓዴ» የሚለው ስሙ ግን ገና አልተፈተነም።

ቅቤ የሚነጠርበትን ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል። ለጋው ቅቤ ድስት ውስጥ ቀልጦ አረፋው ሲነሳ አብሹና ኮረሪማው ይገባል፤ እርዱ ቢጫውን ያደምቀዋል፤ በመጨረሻ በመዳፍ የታሸ ደረቅ ኮሰረት ይነሰነስበታል። ያኔ ጎረቤትም ያውቃል። እናቴን ኮሰረቱ ለምን እንደሚገባ ብጠይቃት «ለሽታው ነዋ!» ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ቅቤውም እንዳይሸት» ትላለች። ለሽታው፣ እንዳይሸትም። አማርኛ ለመልካሙም ለክፉውም አንድ ቃል ሰጥቶ ተገላግሏል፤ የኬሚስትሪው ነገር ያለው ግን በሁለተኛው መልሷ ውስጥ ነው።

የቅቤ ዋና ጠላት አየር ነው። ኦክስጅን አንዱን የስብ ሞለኪውል ይነካል፤ የተነካው የጎደለበትን ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም ከቀጣዩ። እንዲህ እየተነጣጠቁ ማሰሮውን ያዳርሱታል። ፖሊፌኖል የሚባሉት የቅጠል ውህዶች እዚህ ጠብ መሃል ይገባሉ። የተነጠቀው ሞለኪውል ወደ ጎረቤቱ ከመዞሩ በፊት የጎደለውን እነሱ ይሰጡታል፤ ነጠቃውም እዚያው ላይ ይበርዳል። በታሸጉ ምግቦች ላይ «አንቲኦክሲዳንት» ተብሎ የሚጻፈው ሌላ ነገር አይደለም፤ ኤሌክትሮን የማይሰስት ሞለኪውል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ለጋስ ቅጠል ከቅቤው ድስት አውጥተን ኤሌክትሮን በጎደለው ብር ፊት ብናቀርበውስ?

ከጠጅ ወደ ቡና

አሠራሩ ሻይ ከማፍላት ብዙም አይርቅም። ቅጠሉ ይታጠባል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ በተጣራ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ፈልቶ በማጣሪያ ወረቀት ይጠለላል። በሌላ ዕቃ ሲልቨር ናይትሬት የተባለ የብር ጨው በውሃ ይሟሟል። በብዛት የሚሠራበት መጠን ለአንድ ሊትር 0.17 ግራም ነው፤ ቁንጣሪ ታህላለች። ብሩ ውሃው ውስጥ አለ፣ ግን አይታይም። እያንዳንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ጎድሎት፣ አዮን ሆኖ ተበትኗል።

የቅጠሉ ውሃ ሲጨመርበት መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ ፈሳሹ የጠጅ መልክ ይይዛል፤ ጠጁ እየጠቆረ ሄዶ ቡና ይሆናል። እንደ ቅጠሉ ዓይነት፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ብርሃኑ ነገሩ ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ይፈጃል። ፖሊፌኖሎቹ ኤሌክትሮን ሰጡ፤ አዮኑ የብር አቶም ሆነ፤ አቶሞቹ ውሃ ውስጥ ብቻቸውን መኖር አይሆንላቸውምና ተፈላልገው ተሰባሰቡ። ስብስቡ እያደገ ሲሄድ ሌሎቹ የቅጠሉ ውህዶች፣ ፕሮቲኑና ስኳሩ ጭምር፣ ዙሪያውን ከበው አለበሱት። ይህ ልብስ ባይኖር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ግራጫ ዝቃጭ ሆነው ከሥር ይቀሩ ነበር። ቅጠሉ አዋላጅም አራስ ጠያቂም ሆኗል ማለት ነው፤ ያዋልዳል፣ ከዚያም ይጠቀልላል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህን ሙከራ በቧንቧ ውሃ የሞከረ ተማሪ ቅጠሉን ከመጨመሩ በፊት ፈሳሹ ወተት መስሎ ሲደፈርስ ያያል። የቧንቧው ክሎራይድ ብሩን ይዞት ነጭ ዱቄት አድርጎት ነው። ጓንት የረሳ ደግሞ በማግስቱ ጣቱ ጠቁሮ ይገኛል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም፣ ቆዳው እስኪታደስ ይጠብቃል። የሻይ ማፍላቱ ንጽጽር እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው።

መጠኑን በዓይነ ሕሊና ማምጣት ይከብዳል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ነው። እዚህ የምናወራላት ቅንጣት አሥር ናኖሜትር ብትሆን ወደ 30,000 የሚጠጉ የብር አቶሞችን ትይዛለች፤ ከዚያ አይበልጥም። በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ የብር ኪዩብ ብንወስድ ገጹ በድምሩ ስድስት ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያንኑ ኪዩብ አሥር ናኖሜትር በሆኑ ኪዩቦች ከታተፍነው የገጹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ብሩ አልጨመረም፣ ለሰፊ ቪላ የሚበቃ ቦታ ግን ተዘረጋ። የናኖ ነገር ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያን የሚነካው፣ ቀለምን የሚሰብረው፣ ከሌላው ጋር የሚዋሃደው የቅንጣቱ ገጽ እንጂ ሆዱ አይደለም።

ብር ብለን ገንዘብን የምንጠራ ሕዝብ ነንና በራሳችን መለኪያ ልንገረው። በአያቶቻችን ዘመን ገበያ የወጣው ማርትሬዛ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹህ ብር ነው። አንዷን ማርትሬዛ አሟሙተን በዚሁ የቤተ ሙከራ መጠን ብናቀጥናት አንድ በርሜል ሞልታ ትተርፋለች።

ብር ግን ነጭ ነው፤ ቢጫው ከየት መጣ? ቅንጣቷ ይህን ያህል ስታንስ በገጿ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲነካቸው አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ብር በዚህ መጠኑ ከብርሃኑ ውስጥ ወይን ጠጁን ጫፍ፣ በ400 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ይውጠዋል፤ የቀረው ለዓይናችን ቢጫ ሆኖ ይደርሳል። ወርቅ ደግሞ አረንጓዴውን ስለሚውጥ ቀይ ይሆናል። ተመራማሪው ቅንጣቶቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከማየቱ በፊት መወለዳቸውን የሚያውቀው በዚህ ቀለም ነው።

ቀለሙን ሰዎች ከሳይንሱ በፊት ያውቁት ነበር። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ የሊኩርጉስ ዋንጫ የተባለ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን ብርጭቆ አለ፤ ብርሃን ከፊቱ ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ብርሃን ከውስጡ ሲያልፍ ደም የመሰለ ቀይ ነው። መስታወቱ ውስጥ እጅግ ጥቂት የወርቅና የብር ቅንጣቶች ተበትነዋል፤ የሠራው ሰው ግን ስለ ቅንጣት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ነገሩን አስቦ የሠራው ማይክል ፋራዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 የወርቅ ጨውን በፎስፎረስ አድርጎ ወደ ቀይ ፈሳሽ ለወጠና፣ ቀለሙ ዓይን ከማያያቸው የወርቅ ቅንጣቶች የመጣ ነው ሲል ተናገረ። ከዚያ ዘመን የተረፉ ጠርሙሶቹ ዛሬም ለንደን ውስጥ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠዋል።

የጠጅ ሳር ሦስት ማዕዘኖች

ፎስፎረስ የሚነድ፣ የሚመርዝ ነገር ነው። ከፋራዳይ በኋላ ለዚህ ሥራ የመጡት እንደ ሃይድራዚን ያሉት ኬሚካሎችም ለሰራተኛው ሳንባ አይራሩም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆች ሲያወጡ ዋናው ሐሳባቸው መርዙን ከተሠራ በኋላ ከማጽዳት መጀመሪያውኑ አለመሥራት ይሻላል የሚል ነበር። ቅጠሉ የገባው በዚህ በር ነው።

አልፋልፋን፣ ያንን የከብት መኖ፣ በመጠቀም መንገዱን ቀድመው ከከፈቱት አንዱ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኤል ፓሶ የሚሠሩት ሆርሄ ጋርዴያ-ቶሬስዴይ ናቸው። ቡድናቸው ተክሉን ወርቅ ባለበት መደብ ላይ አብቅሎ፣ በሕይወት ያለው አልፋልፋ ሰውነት ውስጥ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች መፈጠራቸውን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመ። በቀጣዩ ዓመት በህንድ ፑኔ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የኬሚካል ቤተ ሙከራ የሙራሊ ሳስትሪ ቡድን ተክሉን ትቶ የቅጠሉን ውሃ ብቻ ወሰደ። በጄራኒየም ቅጠል ብርን፣ በ2004 ደግሞ በኒም ወርቅንና ብርን ሠሩ። በዚያው ዓመት ጠጅ ሳር ተቀቅሎ ከወርቅ ጨው ጋር ሲገናኝ ከክብ ቅንጣቶች ይልቅ ወረቀት የሚመስሉ ስስ ሦስት ማዕዘኖች ወጡ። በእኛ አገር ሻይ ላይ ጣል የምናደርገው ጠጅ ሳር ለወርቅ መልክ አወጣለት። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ቅንጣት መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ቅርጹን መምረጥ ሌላ።

ከዚያ በኋላ ዓለም በቅጠል ተጥለቀለቀች። ነጭ ሽንኩርት፣ ሬት፣ ሻይ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የቡና ገለባ፤ ያልተቀቀለ የቀረ ተክል መፈለግ ነው የሚከብደው። እኛም አልቀረንም። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሟቸው ሥራዎች በኮሰረት ቅጠል ዚንክ ኦክሳይድ፣ በጫት ቅጠል መዳብ ኦክሳይድ፣ በኮሶ ቅጠል የመዳብ ናኖ ቅንጣቶችን ሠርተው በባክቴሪያ ላይ ሞክረዋል። የኮሶን ስም ለሚያውቅ ሰው ፈገግ ያሰኛል። የአያቶቻችንን ሆድ ሲያጥብ የኖረው ዛፍ አሁን መዳብ ያነጥራል።

ዚንክ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚህ ዘርፍ ከዓለም ዙሪያ በሚወጡ ጽሑፎች ውስጥ «የቅጠሉ ፖሊፌኖሎች የዚንክ አዮንን ወደ ዚንክ ብረትነት ይለውጡታል፣ ከዚያም ኦክሳይድ ይሆናል» የሚል ሥዕል ደጋግሞ ይታያል። ይህ ለብር የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለዚንክ አይሆንም። ብር የጎደለውን ኤሌክትሮን ከማንም በጉጉት ይቀበላል፤ ዚንክ ከሰጠ በኋላ መልሶ መቀበል የሚጠላ ብረት ነው፤ የተቀቀለ ቅጠል አያሳምነውም። ማሳመንም አያስፈልግም። ዚንክ ኦክሳይድ ውስጥ ያለው ዚንክ ጨው ውስጥ እንደነበረው ሁለት ኤሌክትሮን እንደጎደለው ነው፤ የሰጠው የለ፣ የተቀበለውም የለ። እዚያ ላይ የቅጠሉ ሥራ አዮኑን ይዞ ማቆየት፣ ማራራቅና እንዳይጎላ መግታት ነው። ኦክሳይዱ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደለሉ ደርቆ ምድጃ ውስጥ በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲጠበስ ነው። በዚያ ሙቀት የቅጠሉ ልብስ ተቃጥሎ ይጠፋል። ኮሰረት በብር ዘንድ ሰጪ፣ በዚንክ ዘንድ ያዥ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ የቅቤውን ኮሰረትና የክትፎውን ሚጥሚጣ አንድ ቅመም ነው እንደ ማለት ነው።

አረንጓዴው በማን ሒሳብ?

«አረንጓዴ» የሚለው ቃል ከቅጠሉ ቀለም ጋር ተደርቦ ያሳስታል። ሲልቨር ናይትሬት የሚሠራው ከማዕድን ወጥቶ በነጠረ ብርና በናይትሪክ አሲድ ነው፤ ቅጠል ያንን ታሪክ አያጥበውም። ምድጃው ለሰዓታት ሲነድ ኤሌክትሪክ ይበላል። ቅንጣቶቹን ከቅጠሉ ውሃ ለመለየት ሴንትሪፊውጁ ደጋግሞ ይሽከረከራል፣ የተጣራ ውሃም በየጊዜው ይደፋል። ቅጠሉ የተካው አንዱን እርምጃ፣ ኤሌክትሮን ሰጪውን ኬሚካል ነው። ትንሽ አይደለም፤ ሃይድራዚንን ከጠረጴዛው ማስወገድ ለተማሪው ሳንባ ትልቅ ነገር ነው። ግን እርምጃ ነው እንጂ መንገዱ ሁሉ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ችግር ቅጠሉ ራሱ ነው። የኬሚካል ጠርሙስ ላይ ንጽህናው በመቶኛ ተጽፎ ይገኛል፤ በኮሰረት ላይ የተጻፈ የለም። ክረምት የተቀጠፈው ከበጋው፣ የደጋው ከወይና ደጋው፣ ቀንበጡ ከጎረመሰው ቅጠል ይለያል፤ በፀሐይ የደረቀው በጥላ ከደረቀው አይገጥምም። አንዱ ቤተ ሙከራ 15 ናኖሜትር ያገኘበትን ቅጠል ሌላው ወስዶ 60 ቢያገኝ ማን ተሳሳተ ይባላል? ቅጠል አንድ ኬሚካል አይደለም፣ ማኅበር ነው፤ ከማኅበርተኞቹ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንዳለበሰ ብዙ ጊዜ ተለይቶ አይታወቅም።

ይህን ችግር ኢትዮጵያ አንዴ ተጋፍጣዋለች። የኮሰረት ሳይንሳዊ ስም «ሊፒያ አዶኤንሲስ» ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል ከአድዋ የተወሰደ ነው። አድዋ ደግሞ በሌላ ተክልም የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠኑ እዚያ ወርደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ነው። ከዚያ ትዝብት ተነስቶ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ማሳየቱ ብዙ አልፈጀም፤ ዓለምን ማሳመኑ ግን አሥርተ ዓመታትን በላ። የመርዛማነቱ ፍተሻ በዓለም አቀፍ መለኪያ እንዲሠራ ተጠየቀ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር፣ ገንዘቡ ግን አልነበረም። ተመራማሪው ለገሰ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን ጎን ለጎን አብቅለው መረመሩ፤ ሁሉም እንዶድ እኩል እንዳልሆነ ታየና «ዓይነት 44» የተባለው ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ የአድዋውን ወንዝ ነው። እኔን የሚስበኝ ያ ቁጥር ነው፤ 44። አንድ ሰው ብዙ ዓይነት እንዶድ ደርድሮ «የትኛው?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። ዛሬ በቅጠል ናኖ ቅንጣት ከሚሠራው ሥራ ብዙው ገና ወንዙ ዳር ነው ያለው። አዲስ ቅጠል፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ጽሑፍ። ያንኑ ኮሰረት ከአምስት ወረዳ አምጥቶ ማወዳደር አድካሚ ነው፤ እንደ አዲስ ቅጠልም አያስጨበጭብም።

በጎድጓዳው ሳህን ዙሪያ

የእነዚህ ጽሑፎች ማሳረጊያ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ሳህን ፎቶ ነው። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ቅንጣቱ የነካው ቦታ ዙሪያውን ይጠራል፤ ክቡ በማስመሪያ ይለካል። ብር ባክቴሪያን መግደሉ እውነት ነው። ከቅንጣቱ ገጽ የሚለቀቁት አዮኖች የባክቴሪያውን ፕሮቲን ይይዙታል፣ ሽፋኑንም ያውኩታል። መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በሆስፒታል በበዙበት ዘመን ይህ ተስፋ ቢጣልበት አይገርምም፤ ለቁስል ማሸጊያ የሚሆኑ ብር ያለባቸው ጨርቆችም ገበያ ላይ አሉ።

ያ ጠራ ያለ ክብ ግን ብዙ ነገር ሊሸሽግ ይችላል። ቅጠሉ ብቻውን ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ? በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ሲልቨር ናይትሬት እንደሆነ ገዳዩ? ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ሳህኑ ላይ መስፋፋት አቅቶት ክቡ ቢጠብ፣ ደካማ ነው ማለት ነው? ለብቻው የቅጠል ውሃ፣ ለብቻው የብር ጨው ያለበት ሳህን አጠገቡ ካልተቀመጠ ፎቶው ምስክር አይሆንም። አንባቢም ቢሆን እንዲህ ያለ ዜና ሲያነብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጎን ለጎን የተቀመጡት ሳህኖች የት አሉ ብሎ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም፤ የአገር ቅጠልና ብር በአንድ አረፍተ ነገር ሲነሱ ለመጠጣት የሚቸኩል አይጠፋምና። ብር የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያከማቸዋል፤ ቆዳው ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ሊሆን ይችላል፣ ይህም አይለቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ የብር ፈሳሾች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም እንዳልተረጋገጠ ወስኗል። በቅጠል መሠራቱ ይህን አይለውጠውም። ለሳህኑ ባክቴሪያ የማይራራ ብር ከቤት ፍሳሽ ጋር ወንዝ ሲገባም ለውሃው ፍጥረታት አይራራም።

ባለፈው ቅዳሜ ቅመም ተራ ነበርኩ። አንዲት እናት ነጋዴዋ የዘረጋችው የኮሰረት ክምር ፊት ቆሙ። አንድ ጭብጥ አነሱ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ነጋዴዋ «የጉራጌ ነው እማማ፣ ጥላ ነው የደረቀው» አለች። እሳቸው ደግመው አሸተቱ። ከሌላኛው ክምር አነሱና አሹ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ተራ በተራ ካሸተቱ በኋላ የመጀመሪያውን መልሰው ከክምሩ ላይ በተኑት።

«ይሄ ያምናው ነው» አሉ።